የተሰረዘ የከሰል ማመንጫ አቅም፦ ቻይናና ህንድ በምን ይመዘኑ?

ቆጣሪው፦
የዓለምን የከሰል ማመንጫዎች የሚመዘግበውን ተቋም፣ የግሎባል ኢነርጂ ሞኒተርን ሰንጠረዥ በአገር አጣርቼ «የተሰረዘ» የሚለውን ብቻ ስደምር፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ቻይናም ህንድም እያንዳንዳቸው ከ500 ጊጋዋት በላይ ይወጣላቸዋል። ሥራ ላይ ያለው የህንድ የከሰል አቅም ግን የቻይናን ሩብ እንኳ አይሞላም። ታዲያ «ሁለቱም ተቀራራቢ ሰረዙ» ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?

ከፍታ፦
አያስኬድም። ድምሩ የሚያሳየው ስንት ፕሮጀክት በወረቀት ላይ እንደነበረ ነው። የተሰረዘውን ለብቻው አታስቀምጠው፤ ለተሰረዘው፣ ከ2010 ወዲህ ሥራ ለጀመረውና አሁን በግንባታ ላይ ላለው ድምር አካፍለው። ለስሌት ማሳያ ብቻ፦ ሁለት አገሮች 600 ጊጋዋት ሰረዙ እንበል። አንዷ 500 ገንብታለች፣ ሌላዋ 150። የመጀመሪያዋ የስረዛ ድርሻ 55 በመቶ አካባቢ ነው፣ የሁለተኛዋ 80። እኩል የመሰለው ነገር እዚህ ላይ ይለያያል።

የሺ መስመር፦
«የተሰረዘ» ሲባልም ሁሉም በይፋ ተሰርዟል ማለት አይደለም። ፕሮጀክቱ ሁለት ዓመት ምንም እንቅስቃሴ ካልታየበት በሰንጠረዡ በይደር ይያዛል፤ አራት ዓመት ከሆነው እንደተሰረዘ ይቆጠራል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ድንገት ያበጠ ስረዛ የቆየ ዝምታ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዓመት የወጣ ፖሊሲ ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል።

የቻይናው የ2017 ስረዛ ግን ከዚህ ይለያል። በጥር ወር የብሔራዊ ኢነርጂ አስተዳደሩ በ13 ክፍለ ሀገራት 103 ፕሮጀክቶችን አስቆመ፣ በድምሩ ከ120 ጊጋዋት በላይ። ከፊሎቹ ግንባታቸው ተጀምሮ ነበር። መነሻው በ2014 መጨረሻ የማጽደቅ ሥልጣን ወደ ክፍለ ሀገራት መውረዱ ነው፤ በ2015 ፈቃድ እንደ ጉድ ጎረፈ፣ የአገሪቱ የአምስት ዓመት ዕቅድ ደግሞ የ2020ን የከሰል አቅም ጣሪያ 1,100 ጊጋዋት ላይ ወስኖ ነበር። ችግሩ፣ በ2018 የወጡ የሳተላይት ምስሎች ከቆሙት ጥቂት በማይባሉት ቦታዎች ሥራው መቀጠሉን አሳዩ። የ2017ን ዝርዝር እንዳለ የደመረ ሰው ኋላ የተገነባውን ጭምር «ተሰርዟል» ይላል።

ቆጣሪው፦
የህንዱስ? እንዲህ ያለ አንድ ትልቅ ትእዛዝ አላገኘሁም።

ከፍታ፦
በህንድ ብዙውን የገደለው ገንዘብ፣ መሬትና ከሰል ነው። የ2003ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ ማመንጫ ለመትከል ፈቃድ መጠየቅን ስላስቀረ የግል ባለሀብቱ ሁሉ ፕሮጀክት አወጀ። በመስከረም 2014 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 214 የከሰል ማውጫ ይዞታዎችን ሲሰርዝ በእነሱ የተማመኑት ነዳጅ አልባ ሆኑ። በጃርካንድ የታቀደው የቲላያ ማመንጫ (ወደ 4,000 ሜጋዋት ገደማ) በመሬት ርክክብ መጓተት ቀረ። በጉጃራት የሙንድራው ማመንጫ፣ ባለ 5 ዩኒት (ዩኒት ማለት በአንድ ጣቢያ ውስጥ ያለ አንድ ማመንጫ ክፍል ነው፤ እዚህ እያንዳንዱ 800 ሜጋዋት)፣ ተሠርቷል፤ ግን ከሰሉን የሚያስገባባት ኢንዶኔዥያ የከሰል ዋጋ ደንቧን ስትቀይር የተዋዋለበት ታሪፍ አላዋጣው አለ። አበዳሪዎች ይህን እያዩ ነበር። በግንቦት 2017 ደግሞ ራጃስታን ውስጥ ባድላ ላይ የፀሐይ ኃይል በኪሎዋት ሰዓት በ2.44 ሩፒ ብቻ ስለተጫረተ ከሰሉ ርካሽ ተፎካካሪ መጣበት።

የሺ መስመር፦
ስትደምር ሦስት ነገር ልብ በል። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው በዩኒት ነው፤ አንድ ጣቢያ ላይ ዩኒት 1ና 2 ሲሠሩ 3ና 4 ተሰርዘው ይገኛሉ፣ በጣቢያ ስም ካጣራህ ይምታታል። ከአገልግሎት የወጣውን አሮጌ ማመንጫ ከተሰረዘው ጋር አትቀላቅል። ከ30 ሜጋዋት በታች የሆነ ዩኒት ደግሞ መጀመሪያውኑ አልገባም።

የትኛው ዓመት እንደተሰረዘ ለማወቅ የሁለት ተከታታይ ጥር ወር እትሞችን በዩኒት መለያ ቁጥር አዛምድና ሁኔታው ወደ «የተሰረዘ» የተለወጠውን ብቻ አውጣ። ከ«የተሰረዘ» ወደ «ግንባታ» የተመለሰ ካለም ለብቻው ያዘው፤ የቻይናው ላይ ታገኛለህ።

ቆጣሪው፦
በጣቢያ ስም ነበር ያጣራሁት። እንደገና እጀምራለሁ።