አስቸኳይ! «አለ»ን በ«አሉ» ተካሁና ልቦለዱ በሙሉ ተበላሸ

ጭራ አልባ (ማታ 3፡40)
ሰላም ቤተሰብ። ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለአርታኢዋ መላክ አለብኝ፤ ልቦለዱ ደግሞ ተበላሸብኝ።
ታሪኩ እንስሳ ሰው ስለመሆኑ ነው። ምዕራፍ 4 ላይ ይለወጣል። ሲለወጥ ሽማግሌ ሰው ይሆናል። አርታኢዋ «ከተለወጠ በኋላም ተራኪው አለ፣ አለ ይላል። ሽማግሌ እኮ ነው፣ አንቱታው የት ሄደ?» ብላ ዳር ላይ ጻፈችብኝ። እውነቷን ነው ብዬ «አለ»ን በሙሉ በ«አሉ» ተካሁት። በአንድ ጊዜ፣ ሪፕሌስ ኦል። ሴቭ አደረግሁ፣ ዘጋሁ፣ ራቴን በላሁ።
ስመለስ የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «በዚህ አሉም ላይ እንደሱ የተራበ አልነበረም።» ዝቅ ብሎ፦ «ግልገሉ አሉቀሰ።» እናቱ ደግሞ «የመንጋው አሉቃ» ሆናለች። አንድ በአንድ እያረምኩ ገጽ 6 ደርሻለሁ። 212 ገጽ ነው። ፈጣን መንገድ የሚያውቅ አለ?

እመት ጦጣ (3፡44)
«ግልገሉ አሉቀሰ»። ይቅር በለኝ፣ ሳቄ አምልጦኝ የተኛ ልጅ ቀሰቀስኩ። እንስሳው ምንድን ነው ግን?

ቀልጣፋው (3፡45)
ኮንትሮል ዜድ።

ጭራ አልባ (3፡46)
ዘግቼዋለሁ አልኩ እኮ።

ቀልጣፋው (3፡47)
ሴቭ ብታደርግም ይመለሳል እኮ። እኔ ሁሌ ነው የማደርገው።

ጭራ አልባ (3፡47)
ሴቭ ብቻ ቢሆን ይመለስ ነበር። ዘግቼዋለሁ!! አሁን ስከፍተው ወደኋላ የሚመልሰው ቀስት ደብዝዟል።

ፊደል ጠባቂ (3፡58)
ወንድሜ፣ ጥፋቱን ኮምፒውተሩ ላይ አትጣል፤ የፊደል ነገር ነው። «ዓለም» የሚጻፈው በዐይኑ ዓ ነው። ከግእዝ ስንወርሰው እንደዚያ ነው። አንተ በአልፋው አ ጻፍከውና ማሽኑ «አለ» መስሎት በላው። በወጉ ጽፈኸው ቢሆን ዓለም ከነክብሯ ትተርፍ ነበር። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ እነዚህን «ትርፍ ፊደል» እያላችሁ ስታጣጥሉ ቆያችሁ። ይኸው አንዱ ትርፍ የተባለ ፊደል ዛሬ ሊያድንህ ይችል ነበር። ለወደፊቱ መጀመሪያ አጻጻፍህን አስተካክል፣ ከዚያ ስለ ልቦለድ እናወራለን።

እመት ጦጣ (4፡00)
ጋሼ ፊደል፣ ዓለምስ ትትረፍ። «አለቀሰ» ግን በአልፋው ነው። ግልገሉን ማን ያድነዋል?

ፊደል ጠባቂ (4፡03)
እሱን አልካድኩም።

የማር እንጀራ (4፡04)
እኔም ድመት ሰው የምትሆንበት ታሪክ ጀምሬ ነበር። ምክሬን ውሰድ። ድመት ጣፋጭ ነገር አትቀምስም፤ ምላሷ ላይ ጣፋጭ የሚለይበት ነገር አይሠራም። ስለዚህ ልክ ሰው እንደሆነች ማር አስቀምሳት። አንድ ገጽ ሙሉ ማሩ ላይ ብቻ ቆይ። ጣቷን ስትልስ፣ ቆም ስትል፣ ደግማ ስትልስ። አንባቢ ከዚያ በኋላ ጥላህ አይሄድም። ጭራዋን ደግሞ ቶሎ አታስረሳት፤ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ወደ ጎን ሰብሰብ ማድረጉ ይቆይባት።

ጭራ አልባ (4፡05)
አመሰግናለሁ፣ ግን ድመት አይደለም። አሁን እኮ ፋይሉ ነው የቸገረኝ።

ቀልጣፋው (4፡05)
ገልብጠው በቃ። «አሉ»ን በሙሉ በ«አለ» ተካ። ሁለት ሰከንድ።

ሦስት ቅጂ (4፡07)
እንዳታደርገው!
መጀመሪያም በራሳቸው ቦታ የነበሩ «አሉ»ዎች አሉሃ። «ሰዎቹ እሺ አሉ» የሚለው «ሰዎቹ እሺ አለ» ይሆናል። «አሉባልታ» የሚል ቃል ካለህ «አለባልታ»፣ «አሉታዊ» ካለህ «አለታዊ» ሆኖ ይጠብቅሃል። በጥፋት ላይ ጥፋት ትደርባለህ።
አሁኑኑ ፋይሉን ኮፒ አድርገህ ሌላ ስም ስጠው። የተበላሸውንም ቢሆን። ከዚያ ይህን መልስልኝ፦ ዎርድ ነው ወይስ ጎግል ዶክስ? ደግሞ አርታኢዋ ዳር ላይ የጻፈችበትን ቅጂ እንዴት ነው የላክህላት?

ጭራ አልባ (4፡09)
ዎርድ፣ ላፕቶፕ ላይ። በኢሜይል ነው የላክሁላት።

ሦስት ቅጂ (4፡09)
ታዲያ ደህናው ልቦለድ ኢሜይልህ ውስጥ ተቀምጧል እኮ።

ጭራ አልባ (4፡11)
እሱማ የዛሬ ወር የላክሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ምዕራፍ 9ን ሙሉ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። ሌላም ቦታ እዚህም እዚያም ነካክቻለሁ። የት የት እንደሆነ አላስታውስም።

ሦስት ቅጂ (4፡16)
እሱን ዎርድ ያስታውስልሃል። ሪቪው የሚለው ውስጥ ግባና ኮምፔር በል። ኦሪጅናል በሚለው የኢሜይሉን፣ ሪቫይዝድ በሚለው የተበላሸውን ስጠው። የተለያዩበትን ቦታ ሁሉ ቀለም ቀብቶ በሦስተኛ ፋይል ያወጣልሃል። ብዙ ነው፣ አትደንግጥ። አንድ ፊደል ብቻ የተለወጠበት የ«አሉ» ጣጣ ነው፤ እለፈው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወይም አንቀጽ የተቀባበት ያንተ አዲስ ጽሑፍ ነው።
ከዚያ የኢሜይሉን ቅጂ መሠረት አድርገህ አዲሱን ብቻ ወደሱ አምጣ። በእጅ የምታርመው ምዕራፍ 9ንና ያመጣሃቸውን አንቀጾች ነው። 212 ገጽ አይደለም።
አንድ ነገር ተጠንቀቅ። «አሉቀሰ»ን ዓይንህ ይይዘዋል። «አለኝ» «አሉኝ» የሆነበትን፣ «አለበት» «አሉበት» የሆነበትን ግን ዓይንም ሆነ ማረሚያ አይይዘውም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸው። ምዕራፍ 9ን ድምፅህን አውጥተህ አንብበው።

ቀልጣፋው (4፡17)
ወይም ገልብጠው።

ሰባተኛ ረቂቅ (4፡31)
እኔ ከሥሩ ያልገባኝ ነገር አለ። ለምንድን ነው የቀየርከው? ተራኪው አንቱ ይበል ካልክ «አለ» ብቻ አይበቃም። «ሄደ»ስ? «በላ»ስ? «ተኛ»ስ? «ብሎ»ን፣ «ሲል»ንስ ምን ልታደርግ ነበር? እስቲ ከተለወጠ በኋላ ካለው ሁለት መስመር ለጥፍልን።

ጭራ አልባ (4፡34)
«"ርቦኛል" አሉና አጥንቱን ቆረጠመው።»
«በሩ አጠገብ የማያውቀው ጠረን አሉ።»

እመት ጦጣ (4፡35)
ጠረኑ አንቱ ተባለ! የተከበሩ አቶ ጠረን። ቆይ፣ አጥንት? እንስሳው ምንድን ነው ብዬ ድጋሚ ልጠይቅ።

ጭራ አልባ (4፡36)
ጅብ ነው። የጻፍኩት መስሎኝ ነበር።

የማር እንጀራ (4፡36)
እኔ እኮ ጣቷን እያስላስኳት ነው።

እመት ጦጣ (4፡38)
ጅብ! እና ሰው ሆኖ መንደር ገብቶ እንግዳ ነኝ ይላል? «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ማለት ይኸው ነው። ልብ በል፣ «አለ» ነው የሚለው። «አሉ» አይልም።

ሰባተኛ ረቂቅ (4፡44)
ቀልዷ ውስጥ መልሱ አለ። ተረቶቻችንን አስታውስ። «አያ ጅቦ» እንላለን። «አያ» ለታላቅ የሚባል ነው፤ አክብረነዋል። ግን «አያ ጅቦም እንዲህ አለ» ነው እንጂ «አሉ» ብሎ የተረተልህ ሰው ታስታውሳለህ? «አያ አንበሶ»ም እንደዚያው። ስሙ ይከበራል፣ ግሡ እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ተራኪህ «አለ» ቢል አልተሳሳተም።

ፊደል ጠባቂ (4፡50)
አልስማማም። ተረት ውስጥ ጅቡ ጅብ ነው። እዚህ ሽማግሌ ሆኗል። ሽበት ያለውን ሰው «አለ» ማለት ነውር ነው፤ ተራኪም ቢሆን ያሳደገው አለ። አርታኢዋ ልክ ናት።

ሰባተኛ ረቂቅ (4፡53)
ጋሼ፣ ሽበቱን የሚያየው መንደሩ ነው። ተራኪው ከግልገልነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አብሮ አደግን ማን አንቱ ይላል?

ጭራ አልባ (4፡55)
እኔም እንደ ጋሼ ነው ያሰብኩት። ጅብ እያለ የመንጋው ንጉሥ ነበር፤ ክብር የለመደ ነው። ሰው ሲሆንም ያው ክብር እንዲቀጥል ፈልጌ ነው።

ዱር አዳሪ (5፡10)
ዘግይቼ ገባሁ፣ ፋይሉን ለሌሎቹ እተዋለሁ። ጅቡ ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ «ንጉሥ» የሚባል ነገር የለም። የሚገዙት ሴቶቹ ናቸው። በአካልም ከወንዶቹ ይበልጣሉ። እናቱን አለቃ ማድረግህ ግሩም ነው፤ ግልገል የእናቱን ደረጃ ስለሚወርስ እሷ ጋ እያለ ቀድሞ ይበላል። ወንዱ ሲጎለምስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወጥቶ ሌላ መንጋ ውስጥ ይገባል። እዚያ ማንም አያውቀውም። ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። የዚያ መንጋ ሴቶች ከነግልገሎቻቸው ይቀድሙታል። ሥጋው ላይ ሲደርስ አጥንትና ቆዳ ነው የሚጠብቀው። አጥንት መስበር ስለሚችል ይኖራል እንጂ።
ሌላም ልጨምርልህ። ጅብ ከጭራው ሥር ካለ ዕጢ የሚወጣ ቅባት ሣር ላይ ይቀባል። ሌላው አሽትቶ ማን እንዳለፈ ያውቃል። ሰውዬህ መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ዘለላ ሣር አፍንጫው ሥር ቢያደርግ፣ ምንም ባይሸተው፣ ቀና ብሎ ቢሄድ፣ ለእኔ ይበቃኛል።

ሰባተኛ ረቂቅ (5፡19)
ጭራ አልባ፣ ይህን ሁለቴ አንብበው። ንጉሥነቱን ጣለው። ዕድሜውን ሙሉ መጨረሻ የበላ ጅብ ነው። ሰው በሆነ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ልጅ በር ላይ ታገኘውና «አባባ፣ ይቅደሙ» ትለዋለች። እሱ አንቱን አያውቅም። «ይቅደሙ» የብዙ ነው ብሎ ዞሮ ያያል። ከኋላው ማንም የለም። እንደገና ትላለች፤ እንደገና ይዞራል።
እሱ ደግሞ በተራው ሁሉንም አንተ ይላል። ዳኛውንም፣ የልጅቷን አያትም። ሰው ይቀየመዋል፣ ለምን እንደተቀየመው አይገባውም። ተራኪህ «አለ» እያለ ይቀጥል፣ አንቱታውን ለሰዎቹ አፍ ስጣቸው። አርታኢዋ የጠየቀችህ አንቱታው የት ሄደ ነው። ይኸው፣ የልጅቷ አፍ ላይ ነው። ምንም ሪፕሌስ አያስፈልገውም።

ጭራ አልባ (5፡26)
ቆይ።
ቆይ ቆይ። ይህን አሁኑኑ ልጽፈው ነው።

ሦስት ቅጂ (5፡26)
መጀመሪያ ፋይሉን!! የተበላሸው ላይ እንዳትጽፍ!

ፊደል ጠባቂ (5፡33)
በሩ ላይ የመዞሩን ነገር ወድጄዋለሁ፤ የሚገባውን መመስከር አለብኝ። «አባባ» የምትለው ልጅ ግን «ይቅደሙ» ከማለቷ በፊት ጎንበስ ትበል። ተራኪውን በተመለከተ አቋሜ እንደጸና ነው።

እመት ጦጣ (5፡35)
ጋሼ ቀስ በቀስ ሰው እየሆኑ ነው።

ጭራ አልባ (ሌሊት 7፡12)
ኮምፔሩ ሠራ። እናቱ አለቃ ሆና ተመልሳለች፣ ግልገሉም አለቀሰ። ከምዕራፍ 9 ውጪ የጨመርኳቸው 11 አንቀጾች ናቸው፤ ሁለቱን ጨርሶ ረስቻቸው ነበር። ምዕራፍ 9ን እያነበብኩ እያረምኩ ነው፣ 14 ገጽ ይቀረኛል። «በጉሮሮው ውስጥ ሳቅ አሉ» የሚል አገኘሁ። ልተወው ሁሉ አሰኝቶኝ ነበር። የበሩን ትዕይንት ጀምሬዋለሁ። ልጅቷ ሦስተኛ ጊዜ «ይቅደሙ» ስትለው ምን እንደሚያደርግ ገና አላወቅሁም።

ዱር አዳሪ (ሌሊት 7፡20)
ወደ ጎን ይልቀቅላት። የለመደው እሱን ነው፤ ግልገሎቹ ሲመጡ የሚያደርገውን ያድርግ።

ሦስት ቅጂ (ጠዋት 3፡25)
ላክህ?

የማር እንጀራ (ጠዋት 4፡50)
እኔም ልጠይቅ ነበር። ገባ ወይስ አልገባም በሩን?

እመት ጦጣ (ከሰዓት 8፡15)
ዝም አለ። ይቅርታ፣ ዝም አሉ።

ቀልጣፋው (ከሰዓት 8፡16)
ኮንትሮል ዜድ ሞክሮ ይሆን?