በ8 ጊጋባይት ላፕቶፕ የዊንዶውስ ሰርቨር የሙከራ ቅጂን መለማመድ ይቻላል?

ጠያቂ፣ ማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ በሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ የዊንዶውስ ሰርቨር 2022ን የሙከራ ቅጂ ጭኜ አክቲቭ ዳይሬክተሪን (የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች ማስተዳደሪያውን) እና ዲኤችሲፒን (የአይፒ አድራሻ ማደያውን) ለመለማመድ አስቤያለሁ። የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ የሠራሁት ሁሉ ይጠፋል? ባትሪዬም ስለደከመ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቨርቹዋል ማሽኑ እንዳይበላሽ ምን ላድርግ?

መላሽ፣ አዘዞ

የሙከራ ጊዜው 180 ቀን ነው፤ ሲያበቃም የሠሩት አይጠፋም፣ ነገር ግን ሰርቨሩ በየአንድ ሰዓቱ ራሱን ስለሚያጠፋ ለሥራ አይመችም። በተጫነ በ10 ቀን ውስጥ ኢንተርኔት አግኝቶ አክቲቬት መደረግ (ቅጂው መረጋገጥ) እንዳለበት ግን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ወደ ቀድሞ ስናፕሾት (ተቀርጾ ወደተቀመጠ የማሽኑ ሁኔታ) መመለስም የሄደውን ቀን አያስመልስም፤ ቆጠራው በቀን መቁጠሪያ የሚሄድ ነውና።

ራሙን በተመለከተ፣ ሰርቨሩን ያለ ዴስክቶፕ፣ ማለትም በሰርቨር ኮር መልክ ቢጭኑት እመክራለሁ። ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፤ ሆኖም ለሰርቨሩም ለደንበኛው ዊንዶውስም (ከሰርቨሩ ጋር ለሚገናኘው ሌላ ቨርቹዋል ማሽን) 2 ጊጋባይት እየሰጡ ሁለቱን አብሮ ማስነሳት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው፣ ፓወርሼልንም (የዊንዶውስን የትእዛዝ መጻፊያ) ሳይወዱ በግድ ይለምዳሉ።

መላሽ፣ ፒያሳ

እኔ ከሁሉ በላይ የማሳስብዎ የኔትወርኩን ነገር ነው። ዲኤችሲፒ የሚለማመዱበትን ማሽን ብሪጅድ (ከቤቱ ኔትወርክ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው ምርጫ) ላይ ከተዉት፣ የእርስዎ ሰርቨር ለቤቱ ዋይፋይ ተጠቃሚዎች ሁሉ የአይፒ አድራሻ ማደል ሊጀምር ይችላል፤ የጎረቤት ልጅ ስልክ ሳይቀር ኢንተርኔት አጥቶ ራውተሩ ሲወቀስ ይውላል። ስለዚህ ሰርቨሩንም ደንበኛውንም ኢንተርናል ኔትወርክ (ቨርቹዋል ማሽኖቹ እርስ በርስ ብቻ የሚገናኙበት ምርጫ) ላይ ያድርጓቸው፤ ለማውረድና ለአክቲቬሽን ደግሞ በ«ናት» (NAT፣ በላፕቶፑ በኩል ወደ ኢንተርኔት በሚያወጣው ምርጫ) የተዘጋጀ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ለሰርቨሩ ይጨምሩለት።

የመጫኛው አይኤስኦ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ስለሚበልጥ፣ ከጓደኛ በፍላሽ የሚያመጡት ከሆነ ፍላሹ የተፎረመተው ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል በማይቀበለው በፋት32 ሳይሆን በኤክስፋት መሆኑን አስቀድመው ይዩ። ለመብራቱ፣ ሥራ ባቆሙ ቁጥር ማሽኑን ክፍት አድርገው አይሂዱ፤ ሴቭ ስቴት ያድርጉት (ያለበትን ሁኔታ አስቀምጠው ይዝጉት) ወይም በወጉ ያጥፉት። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የማሽኑን ማኅደር (ፎልደር) ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ከስናፕሾት ይበልጣል፤ ስናፕሾቱ የሚኖረው እዚያው ዲስክ ላይ ነውና፣ ዲስኩ ከተበላሸ አብሮ ይሄዳል።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ። ጊዜው ከማለቁ በፊት ቁልፍ ባገኝ ያንኑ ሰርቨር ወደ ቋሚ ቅጂ መለወጥ እችላለሁ?

መላሽ፣ አዘዞ

ተራ ሰርቨር ከሆነ በዲዝም (DISM) በተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ይለወጣል። ዶሜይን ኮንትሮለር (አክቲቭ ዳይሬክተሪን የሚያስኬድ ሰርቨር) ከሆነ ግን እንዲሁ አይቀየርም፤ ሌላ ሰርቨር ዶሜይን ኮንትሮለር አድርገው ኃላፊነቶቹን ካዛወሩ በኋላ አክቲቭ ዳይሬክተሪን ከመጀመሪያው ላይ ማንሳት ይኖርብዎታል። በመሥሪያ ቤት አሮጌ ሰርቨር ሲተካ የሚሠራው ይኸው ስለሆነ፣ ቁልፍ ባያገኙም እንኳ አንድ ጊዜ ይሞክሩት።