ነቅቼ መንቀሳቀስ አቃተኝ፤ ዱካክ ነው ወይስ ሕመም?

ጥያቄ (የሌሊት ዳቦ ጋጋሪ፣ ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። ሽምብጥ አካባቢ ባለ ዳቦ ቤት የምሠራው በሌሊት ተራ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጥቼ በሐይቁ ዳር በእግሬ እመለስና እናቴ ያፈላችውን ቡና ጠጥቼ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ እተኛለሁ። ካለፈው ወር ወዲህ አምስት ጊዜ ያህል ዐይኔ ተከፍቶ፣ ከደጅ የባጃጅ ጥሩንባ እየሰማሁ፣ ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ አቅቶኛል። በሩ ላይ የሰቀልኩት ጋቢ ቆሞ የሚያየኝ ሰው ይመስለኛል፤ ደረቴ ላይም ከባድ ነገር የተቀመጠ ያህል ትንፋሽ ያጥረኛል። እናቴ «ዱካክ ነው፣ ጸበል ተጠመቂ» ትለኛለች። አንድ ቀን ሳቃስት ሰምታ እጄን ስትይዘኝ ወዲያው ለቀቀኝ። አእምሮዬ እየታመመ ይሆን ብዬ ሰግቻለሁና የምታውቁ መልሱልኝ።

መልስ (የፊዚዮሎጂ መምህር)

እኅታችን፣ አእምሮዎ አልታመመም፤ የገለጹት የእንቅልፍ ሽባነት የሚባለውንና በሕክምና በደንብ የታወቀውን ክስተት ነው። ሕልም በብዛት በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ዐይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት ይንቀሳቀሳል፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን አሳውቀዋል፤ ዛሬ ሬም እንቅልፍ እንለዋለን። በዚህ ሰዓት አንጎል ነቅቶ እንዳለ ያህል ይሠራል፤ ሆኖም በሕልማችን የምናደርገውን በአካል እንዳናደርገው፣ ከአንጎል ግንድ የሚነሣ ትእዛዝ ግላይሲንና ጋባ በተባሉ ኬሚካሎች አማካይነት ጡንቻን የሚያዝዙትን የኅብለ ሰረሰር ነርቮች ዝም ያሰኛቸዋል። ፈረንሳዊው ሚሼል ዡቬ የድመቶችን የአንጎል ግንድ በተወሰነ ቦታ ላይ በጎዳ ጊዜ፣ ድመቶቹ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ተነሥተው የሚታደን ነገር እንዳየ ሲያደቡ ተመልክቷል። በጤነኛ እንቅልፍ ከዚህ እስር የሚያመልጡት በዋናነት የዐይን ጡንቻዎችና ዲያፍራም የተባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ናቸው።

በእርስዎ ላይ የሚሆነው ንቃቱ ቀድሞ ይመጣና የጡንቻው እስር ዘግይቶ ይፈታል። በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ስለላሉ በረጅሙ ለመተንፈስ ሲሞክሩ አይታዘዙዎትም፤ ደረትዎ ላይ ክብደት ያለ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ዲያፍራም ግን ሥራውን አላቋረጠምና አይታፈኑም። ጋቢው ሰው መስሎ የታየዎት ሕልሙ ገና ስላልተቋረጠና ፍርሃትን የሚያንቀሳቅሰው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል በሬም ጊዜ እጅግ ንቁ ስለሆነ ነው።

መልስ (ነርስ፣ ፔዳ አካባቢ)

መምህሩ ባሉት ላይ የምጨምረው የሥራ ሰዓትሽን ነው፣ እኅቴ። ሬም የሚበዛው ወደ ንጋት ነው፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ ሰው ወደ ሕልም ፈጥኖ ሊገባ ይችላል፣ እንቅልፉም በብርሃንና በጩኸት ይቆራረጣል። የሐይቁ ዳር የጠዋት ፀሐይ በዐይን ገብቶ ለአንጎል «ነግቷል» ብሎ ስለሚነግር፣ ስትመለሺ ጥቁር መነጽር አድርጊ፤ መስኮቱንም በወፍራም ጨርቅ ሸፍኚ። ቡናውን ወደ ሥራ መግቢያሽ አዛውሪው፤ የቡና ግማሽ ኃይል ከተጠጣ 5 ሰዓታት ገደማ ካለፉ በኋላም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ከአቦል አልፎ ቶና ጠጥቶ መተኛት ለእንቅልፍሽ ከባድ ነው። በጀርባሽ ሳይሆን በጎንሽ ተኚ፤ ሁኔታው በጀርባ ለሚተኙ ይበዛል። በዕረፍት ቀንሽም የመኝታ ሰዓትሽን ብዙ አታዛቢ። ብቻሽን እንዳልሆንሽም እወቂ፤ በርካታ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከ100 ሰው 8 ያህሉ፣ ከተማሪዎች ደግሞ 28 ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደርሶባቸዋል።

መልስ (የጥበቃ ሠራተኛ)

እኔን የያዘኝ ጫት ባቆምኩ በሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ በሕልሜ የማየው ሁሉ እንደ እውን እየሆነ ያስጨንቀኝ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ የሚያነቃቃ ነገር ሕልምን አፍኖ ይቆይና ሲቆም የታፈነው በአንድ ጊዜ ይመለሳል። ወር ሳይሞላ ቀለለኝ። ሲይዘኝ ለመነሣት መታገሉን ትቼ፣ በእርጋታ እየተነፈስኩ የአንዲት ጣቴን ጫፍ ብቻ ለማንቀሳቀስ እሞክር ነበር። ጸበሉንም አልተውኩም፤ ልብን ያሳርፋል፣ ከእንቅልፍ ሰዓትሽ ግን አይውሰድብሽ።

ጥያቄ (ጋጋሪዋ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደኝ ምን ዓይነት ምልክት ነው?

መልስ (የፊዚዮሎጂ መምህር)

በቂ ተኝተው ሳለ በሥራ መካከል እንቅልፍ ድንገት የሚጥልዎ ከሆነ፣ ወይም ሲስቁ ጉልበትዎ ከከዳዎት ይሂዱ። ይህ የናርኮሌፕሲ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ኦሬክሲን የተባለውን ንቃት ጠባቂ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት ሲጠፉ ነው። እያንኮራፉ ትንፋሽዎ የሚቋረጥ ከሆነም እንዲሁ ይታዩ። ምድጃው አጠገብ ሆነው ማንቀላፋት ከጀመሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አይቆዩ።

ጋጋሪዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ቡናውን ወደ ማታ አዛውረነዋል፤ ጋቢውን ሣጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ያዘኝ። ጣቴን ላንቀሳቅስ ስሞክር እናቴ መጥታ እጄን ያዘችና ተነሣሁ፤ አሁን ስተኛ በሩን ገርበብ አድርጋ አጠገቡ ጥጥ ትፈትላለች።