የቁጠባ ማኅበራችን መዝገብ ክላውድ ላይ ሊወጣ ነው፤ ውሉ ውስጥ ምን ይግባ?

ሒሳብ ሹም (ፍኖተ ሰላም)
ጤና ይስጥልኝ። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ክፍል ነኝ። የ2,140 አባላት መዝገብ እስካሁን በወረቀት ካርድና በአንድ ኮምፒዩተር ነው ያለው። አንድ ድርጅት የክላውድ ሲስተም (መረጃው በኢንተርኔት በሚደረስበት ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒዩተር የሚቀመጥበት) ሊያስገባልን የሁለት ገጽ ውል አምጥቷል። የሚመዘገበው ስም፣ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የጣት አሻራ፣ ቁጠባ፣ ብድርና ዋስ ነው። ውሉ «አገልግሎቱ በማናቸውም ምክንያት ቢቋረጥ ወይም መረጃ ቢጠፋ አቅራቢው ተጠያቂ አይሆንም» ይላል። ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር፣ የት እንዳለ አልተጻፈም፤ ስንጠይቃቸው «ውጭ አገር ነው» ብለዋል። ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰባል። እንፈርም?

የሕግ ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)
ወንድሜ፣ እንዲህ እንዳለ አትፈርሙ።

ትልቁ ነገር የሰርቨሩ ቦታ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አገር ውስጥ የተሰበሰበ የግል መረጃ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ሰርቨር ወይም ዳታ ሴንተር እንዲቀመጥ ያዛል። የጣት አሻራ ደግሞ ከስምና ከስልክ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ መረጃ ነው። በአዋጁ ዓይን የመረጃው ተቆጣጣሪ እናንተ ናችሁ፤ ድርጅቱ በእናንተ ስም ነው የሚይዘው። መረጃ ቢሾልክ አባሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማኅበሩን ነው። የአዋጁ አስፈጻሚ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ መረጃ ሲጣስ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግድ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ «አቅራቢው ጥሰት ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማኅበሩ በጽሑፍ ያሳውቃል» ይግባ። እነሱ ሦስት ቀን ዝም ካሉ የእናንተ 72 ሰዓት ለክርክር ይዳረጋል።

«በማናቸውም ምክንያት» የምትለዋን አስወጧት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1887 ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን እንዲገድቡ ይፈቅዳል፤ ያም ቢሆን ጥፋት ካልሠሩ በቀር አንጠየቅም እስከማለት ድረስ ነው። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሳይዝ መረጃ ያጠፋ አቅራቢ ጥፋተኛ ነው። በቦታው እንዲህ ጻፉ፦ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት (ቁጥር 1792) ብቻ ነፃ ያወጣል፤ የአቅራቢው ሠራተኛ ስህተት፣ ያልተከፈለ የሰርቨር ኪራይና የባክአፕ አለመኖር ከአቅም በላይ ምክንያት አይባሉም። መቀጫውንም በቁጥር 1889 መሠረት በብር ቁረጡት፤ አለዚያ የደረሰውን ጉዳት በማስረጃ ማሳየት የእናንተ ሸክም ይሆናል።

ዳታቤዝ (ቡሬ)
ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ከውሉ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ የሰርቨሩ አካውንት በማን ስም ነው? ብዙ ጊዜ የሚሆነው፣ አንድ ፕሮግራመር በግል ኢሜይሉና በሰው ካርድ ውጭ አገር ሰርቨር ይከራያል። ካርዱ ሳይከፍል ሲቀር አካውንቱ ይታገዳል፤ የእፎይታ ጊዜው ሲያልፍ ከነመረጃው ይሰረዛል። የውጭው ኩባንያ የሚያውቀው የአካውንቱን ባለቤት ብቻ ስለሆነ ማኅበሩ ደብዳቤ ቢጽፍ ሰሚ የለውም። አካውንቱም የድረ ገጹ ስምም በማኅበሩ ስም ይሁን። አገር ውስጥ የሚከራይ አለ፦ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ፣ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ያሉት ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉ ዳታ ሴንተሮችም አሉ። ክፍያው በብር መሆኑ ራሱ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ሁለተኛው መውጫ በር ነው። «ውሉ ሲያልቅ መረጃውን እንመልሳለን» አይበቃም። በምን ዓይነት ፋይል፣ በስንት ቀን የሚለው ይጻፍ፤ እኔ 15 ቀን እላለሁ። ፋይሉን ስትረከቡ እነዚህን ተመልከቱ፦ ፋይሉ የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ በዩቲኤፍ-8 ካልተቀመጠ የአማርኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። 16 አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር በኤክሴል ዝም ብሎ ከተከፈተ ኤክሴል የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻዋ ዜሮ ትሆናለች፤ ሴቭ ካደረጋችሁት አይመለስም። የስልኩ የመጀመሪያ ዜሮም ይጠፋል። ዓምዱን አስቀድማችሁ «ጽሑፍ» አድርጉት። የጳጉሜን ቀንም አስተውሉ፤ 13ኛ ወር ስለሆነች ኤክሴል እንደ ቀን አይቀበላትም።

የኛ አካባቢ ኔትወርክ ሲቋረጥ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ማታ በቢሯችሁ ኮምፒዩተር ላይ የሚወርድ የተመሰጠረ ቅጂ ይኑር፤ ቁልፉን ሊቀ መንበሩና ገንዘብ ያዡ ይያዙ። ባክአፕ አለ ማለት ተከፍቶ ሲታይ ነው፦ በወር አንዴ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱት፣ የአባላቱን ብዛት ቁጠሩ፣ ከዚያ አሥር የቁጠባ ደብተር አንሥታችሁ ቀሪ ሒሳቡን አመሳክሩ።

ኦዲተር (ዳንግላ)
ዋስ የሚለው ላይ ልጨምር። ሲስተሙ ላይ የዋሱን ስም መሙላት ዋስትና አያቆምም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል አይጸናም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012ም ሆነ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ 1072/2010 ቢኖሩም፣ እናንተ ዘንድ የታወቀ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ እስኪገባ ድረስ የብድርና የዋስትና ውሉን በወረቀት አስፈርሙ፤ ምስክሮቹም በቁጥር 1727 መሠረት ሁለት ይሁኑ። ሲስተሙ የውሉን ቁጥር ብቻ ይያዝ።

አንድ ፓስወርድ ለሦስት ገንዘብ ተቀባይ እንዳይሰጥ። 5,000 ብር ሲጎድል መዝገቡ የሚያሳየው «ካሸር» የሚል ስም ብቻ ይሆንና ማን እንደነካው ማስረዳት ያቅታል።

ሒሳብ ሹም (ፍኖተ ሰላም)
እግዚአብሔር ይስጥልን። አሻራውን እንተወው ብንል ግን ድርጅቱ «ሲስተሙ ያለ እሱ አይሠራም» እያለ ነው።

የሕግ ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)
የቁጠባ ሲስተም ያለ አሻራም ሊሠራ ይችላል፤ እንዲዘጉት ጠይቁ። ለሥራው የማያስፈልግ መረጃ አለመሰብሰብ የሕጉም መርህ ነው። አባሉ ፓስወርዱ ቢሰረቅ ይቀይረዋል፤ አሻራው ቢሰረቅ ግን ሌላ ጣት አያበቅልም። ደብተርና ፊርማ እስካሁን እንደሠሩ ይቀጥሉ። እምቢ ካሉ ሐሙስ ለቦርዱ ሌላ አቅራቢ እንዲፈለግ ሐሳብ አቅርቡ፤ ወረቀቱ ካርድ እስከዚያ የትም አይሄድም።