ሞተር ሳይክሌ በብርድ ጠዋት ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ምርመራውን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

የምነዳው ባለ አንድ ፒስተን፣ 125 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ካርቡራቶር ያለው ሞተር ሳይክል ነው። ሸዋ ሮቢት በሠራሁባቸው ሦስት ዓመታት ለመነሳት አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም ነበር። መስከረም ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ከተዛወርኩ በኋላ ግን፣ በተለይ በጥቅምት ማብቂያ ውርጭ መጣል ከጀመረ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያሳየኝ ጠባይ ሌላ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከንጋቱ 12፡30 ላይ ስወጣ መቀመጫውን ነጭ ውርጭ ለብሶ አገኘዋለሁ። ቾኩን ሙሉ በሙሉ ስቤ፣ ነዳጅ ሳልሰጥ አምስት ስድስት ጊዜ ስረግጠው ይነሳል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህልም ድምፁን ከፍ አድርጎ ደህና ይሠራል። ቾኩን ወደ ግማሽ ስመልሰው ግን ሁለት ጊዜ ትፍ ትፍ ብሎ ይጠፋል፤ እንዳይጠፋ ብዬ ነዳጅ ስሰጠውም ጭራሽ ይታፈናል። ቾኩን ሳልነካ ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ ከታገስኩት ይሞቅና ቾኩን መመለስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ምንም አይጎድለውም፣ ዳገትም በደንብ ይወጣል። ይሁንና ከሞቀም በኋላ ስቆም ሚኒሞው (ነዳጅ ሳልሰጠው የሚሠራበት ፍጥነት) አይረጋም፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል።

እስካሁን ካንዴላውን በአዲስ ቀይሬያለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፈታው ጫፉ ነጣ ብሎ አገኘሁት። የአየር ማጣሪያውን አጥቤ አድርቄያለሁ። አንድ መካኒክ የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ ድምፁን ከፍ አደረገልኝ፤ ከሞቀ በኋላ ከመጮኹ በቀር የጠዋቱን ችግር አልፈታውም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጉዳዩ ለእኔ የምቾት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዤ ወደ ቀበሌ የምወጣው ከብቱ ወደ ግጦሽ ሳይሰማራ ለመድረስ ሲሆን፣ ግማሽ ሰዓት ከዘገየሁ ገበሬው ከብቱን ፈትቶ ይሄዳል፣ የቀኑም ሥራ ይበላሻል። ከሁሉ አስቀድሜ ማየት ያለብኝ ምንድን ነው?

መልስ ፦ አሽከርካሪ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ምክንያት የቦታው ከፍታ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር አያንስም። ጣርማ በርን አልፈው ሲመጡ አየሩ በግልጽ ይሳሳል፤ ካርቡራቶሩ ግን የሚያስገባው ቤንዚን በዚያው መጠን አይቀንስለትም። በዚህ የተነሳ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበልጥና ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያልፍበትን ጂግለር ቀዳዳው በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለ እንዲያስቀይሩና የቤንዚንና የአየር ቅልቅሉን የሚወስነውን ብሎን ወደ ቀጭን (ቤንዚኑ ወደሚያንስበት) እንዲያስተካክሉ እመክራለሁ።

መልስ ፦ የሞተር ሳይክል መካኒክ፣ ደሴ

ከላይ ስለ ከፍታ የተጻፈው በራሱ ትክክል ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ጋር ሲነጻጸር የደብረ ብርሃን የአየር ግፊት በስድስተኛ እጅ ያህል ያንሳል። ጠያቂው የዘረዘሯቸው ምልክቶች ግን የሚናገሩት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ጂግለሩን ለማጥበብ ከመቸኮልዎ በፊት ይህን እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ቾክ ሲሳብ ወደ ሞተሩ የሚገባው ቤንዚን ከአየሩ አንጻር ይበዛል። በብርድ ይህ የሚያስፈልገው፣ ከሚገባው ቤንዚን ውስጥ ብዙው ሳይተን በቀዝቃዛው ብረት ላይ እየተለጠፈ ስለሚቀርና የሚቃጠለው የተነነው ብቻ ስለሆነ ነው። ሞተርዎ ቤንዚን በዝቶበት ታፍኖ ቢሆን ኖሮ ቾክ ሲሳብ ይብስበት፣ ሲመለስ ይሻለው ነበር፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣ፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብስ ነበር። የእርስዎ ግን በቾክ ይኖራል፣ ያለ ቾክ ይጠፋል፣ ካንዴላውም ነጭ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት መታፈኑም የዚሁ ምልክት ነው፤ እጀታው በድንገት ሲከፈት አየሩ ቀድሞ ይገባል፣ ቤንዚኑ ግን አይደርስለትም። ከፍታው ቤንዚኑን አበዛ ብንል እንኳ፣ ይህ ሞተር በሚኒሞው ላይ ሳለ ቤንዚን እየተራበ ነው።

መንገድ ላይ ምንም የማይጎድለው መሆኑም ቦታውን ያጠብልናል። ካርቡራቶር ውስጥ ሁለት ጂግለሮች አሉ። ትልቁ የሚሠራው ነዳጅ ሰጥተው ሲነዱ ነው፤ ትንሹ ደግሞ እጀታው ተዘግቶ ወይም ትንሽ ብቻ ተከፍቶ ባለበት ጊዜ ነው። የትንሹ ቀዳዳ ከስፌት መርፌ ጫፍ ብዙም የማይሰፋ በመሆኑ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ይዞት የሚመጣው ደቃቅ ቆሻሻ ወይም ቆሞ የሰነበተ ቤንዚን የሚተወው ሙጫ በቀላሉ ያጠበዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ ግማሽ መደፈን ሳይታወቅዎት ኖሮ ይሆናል፤ ብርዱ ሲመጣ ግን ጉድለቱ ወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በረደ ጊዜ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ደጅ፣ የነዳጁን መዝጊያ ይዝጉና በካርቡራቶሩ ሆድ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን በማላላት ያጠራቀመውን ቤንዚን በንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ይቀበሉ። ጠርሙሱን ሳይነኩ ለአምስት ደቂቃ ያቁሙት። ውኃ ካለ ከሥር እንደ ዕንቁ እየተንከባለለ ይታይዎታል፤ ቀዝቃዛ አገር ላይ በግማሽ ያደረ የነዳጅ ሰልባትዮ ከውስጥ ስለሚያልበው ይህ ብርቅ አይደለም። ቀጥለው ካርቡራቶሩን አውርደው ሆዱን ይክፈቱ፣ ትንሹን ጂግለርም በልኩ በሆነ ካቻቢቴ ይፍቱ፤ ካቻቢቴው ከሳሳ የነሐሱ አፍ ይበላሻል። ጂግለሩን ወደ ፀሐይ አቅንተው በቀዳዳው ይመልከቱ። የብርሃኑ ነጥብ ፍጹም ክብ መሆን አለበት፤ ጨረቃ መስሎ ከታየዎት አንዱ ወገን ተደፍኗል ማለት ነው። ለመጥረግ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የወጣች አንዲት የመዳብ ክር በቂ ናት፤ የብረት መርፌ ግን ነሐሱን ፍቆ ቀዳዳውን ለዘለቄታው ስለሚያሰፋው እባክዎ አይጠቀሙ። የካርቡራቶሩን ቦዮች ሁሉ በአየር ያስነፉ።

የቅልቅሉን ብሎን ከመፍታትዎ በፊት እስኪነካ ድረስ ቀስ ብለው እያጠበቁ ስንት ዙር እንደሆነ ይቁጠሩና ይጻፉት፤ ሲመልሱ ከዚያው ይጀምራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብሎኑ የሚገኘው በካርቡራቶሩ የሞተር ወገን ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚቆጣጠረው ቤንዚንን ነው፤ ሲላላ ቅልቅሉ ይወፍራል፣ ማለትም ቤንዚኑ ይበዛል። በአየር ማጣሪያው ወገን ከሆነ ደግሞ የሚቆጣጠረው አየርን ስለሆነ የሚወፍረው ሲጠብቅ ነው። «ግማሽ ዙር አላላው» የሚል ምክር ብሎኑ የት እንዳለ ሳይነገር ከተሰጠ ዋጋ የለውም።

በመጨረሻም ካርቡራቶሩን ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር የሚያገናኘውን ጎማ ጎንበስ ጎንበስ እያደረጉ ይመርምሩ። ተሰንጥቆ ትርፍ አየር የሚስብ ከሆነ ምልክቱ ከተደፈነ ጂግለር ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሞተሩ እየሠራ ጥቂት ውኃ በጎማው ዙሪያ ይርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁን አገኙት። በቤንዚን የሚፈትኑ ሰዎች አይቻለሁ፤ የጋለ ማርሚታ አጠገብ ይህን ማድረግ ራስን ማቃጠል ነው።

መልስ ፦ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ፣ ባሕር ዳር

ወንድማችን ከደሴ በጻፉት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እሱም የቫልቭ ክፍተት፣ ማለትም በቫልቩ ጫፍና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ነው። በአየር በሚቀዘቅዙ እንዲህ ባሉ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ቴስታታውና ሲሊንደሩ አሉሚኒየም ሲሆኑ ቫልቩ ግን ብረት ነው። አሉሚኒየሙ ሲሞቅ ከብረቱ ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ ክፍተቱ በብርድ ጠባብ፣ በሙቀት ሰፊ ይሆናል። ቫልቩ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠፋና ሞተሩ በበረደ ጊዜ ቫልቩ አጥብቆ አይዘጋም፤ እመቃው (ፒስተኑ የሚያምቀው ቅልቅል) ይሸሻል። ሲሞቅ ክፍተቱ ስለሚመለስ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ይተወዋል። በብርድ ብቻ የሚጠፋ ሞተር ሲገጥመኝ ከካርቡራቶሩ ቀጥዬ ሁልጊዜ የምለካው ይህንን ነው።

ልኬቱ የሚወሰደው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በበረደ ጊዜ፣ ፒስተኑ በእመቃ ምት የላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው፤ በዲናሞው ተሽከርካሪ ክብ ብረት ላይ ያለው የ«ቲ» ምልክት ከመስኮቱ ምልክት ጋር ይገጥማል፣ ሁለቱም ቫልቮች ልቅ ይሆናሉ። ትክክለኛውን ቁጥር ከሞዴሉ መመሪያ መውሰድ ይገባል። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ሲሆን፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ብዙ ጊዜ ከመግቢያው ጥቂት ሰፋ ይላል።

ጠያቂው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የሚጠቀሙት የሞተር ዘይት ስንት ቁጥር ነው?

መልስ ፦ ጠያቂው፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ልምድ ያለው ባልደረባዬ አብሮኝ ሆኖ በተባለው ቅደም ተከተል ሠራነው።

የካርቡራቶሩን ሆድ በጃም ጠርሙስ ስናፈስ ከሥሩ የአተር ፍሬ የምታህል ውኃ ቁጭ ብላ አየን፤ በዙሪያዋም ዝገት የመሰለ ቡናማ አቧራ ነበር። ትንሹን ጂግለር ወደ ፀሐይ ስናቀናው ልክ እንደተባለው ብርሃኑ ግማሽ ጨረቃ ነበር። በመዳብ ክር ሦስት ጊዜ ካመላለስንበት በኋላ ክብ ሆነ። ጎማው ደህና ነው። የቅልቅሉ ብሎን በሞተሩ ወገን ሲሆን አንድ ዙር ብቻ ተላልቶ አገኘነው። መመሪያው ሁለት ዙር ስለሚል ወደዚያ መለስነው፤ ሚኒሞውንም ዝቅ አደረግነው።

እሑድ ጠዋት ቾኩን ግማሽ ስመልሰው አልጠፋም። ሰኞም እንዲሁ። ሆኖም ሲነሳ አሁንም አምስት ስድስት ጊዜ መርገጥ ያስፈልገው ስለነበር ማክሰኞ ማለዳ ሳይነሳ ቫልቮቹን ለካን። የመግቢያው ልኩ ላይ ነው፤ በጭስ ማውጫው በኩል ግን መመሪያው 0.10 ሲል፣ 0.05 ሚሊሜትር የሆነው የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት እንኳ አልገባ አለ። አስተካክለን ዘጋነው። ከዚያ ወዲህ በሁለተኛው ርግጫ ይነሳል፣ ሲቆምም ሚኒሞው ረግቷል።

ዘይቱ 20ደብሊው-50 ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ የምጠቀመው እሱን ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅና ላብቃ። አሁንስ ጠዋት ለስንት ደቂቃ ላሙቀው? ሌላው፣ ጎረቤቴ የከሰል ምድጃ ከሞተሩ ሥር ለጥቂት ጊዜ ማስቀመጥ ይረዳል ብሎኛል፤ ይህስ እንዴት ነው?

መልስ ፦ የሞተር ሳይክል መካኒክ፣ ደሴ

በመፈታቱ እጅግ ደስ ብሎኛል። የከሰሉን ነገር በምንም መልኩ እንዳይሞክሩት። ከካርቡራቶር የሚያመልጥ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ በቀጥታ ምድጃው ላይ ያርፋል። ሌሊት ከጣሪያ ሥር አቁመው በሸራ ቢያለብሱት ይበቃዋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥም አያስነሱት፤ ጭሱ ሳያስነጥስ ይገድላል።

ዘይቱን በተመለከተ፣ 20ደብሊው-50 በውርጭ ጠዋት እንደ ማር ስለሚወፍር ሲረግጡት እግርዎ ላይ ይከብዳል፣ ወደ ቴስታታውም ቶሎ አይደርስም። መመሪያዎ ከፈቀደ በሚቀጥለው ቅያሪ ወደ 10ደብሊው-40 ይዙሩ፤ ነገር ግን ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበትን ይምረጡ፤ ለመኪና የተሠራው ፍሪሲዮን ሊያንሸራትት ይችላል።

ስለ ማሞቅ፣ ሙሉ ቾክ ለግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ግማሽ ቾክ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብለው ይነሱ፤ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በኋላ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መመለስ አለበት። ቾክ ተስቦ ረጅም ሰዓት ከነዱ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበት) ያስበላዋል። ሰልባትዮውን ማታ ማታ ሞልተው ያሳድሩት፣ የካርቡራቶሩን ሆድም በየወሩ አንድ ጊዜ በዚያው ጠርሙስ እያፈሰሱ ይዩት፤ ውኃው በድጋሚ ከታየ ሰልባትዮው ራሱ ወርዶ መታጠብ ይኖርበታል።