ሻርዶኔ ለሰለቻችሁ፦ የነጭ ወይን ጥቆማ

ከሻርዶኔና ከሶቪኞን ብላን ሌላ ምን እንሞክር ላላችሁ፣ አንድ ጠርሙስ ብቻ የምትገዙ ከሆነ አሲርቲኮ ይሁን። የግሪኳ የሳንቶሪኒ ደሴት ወይን ነው። መሬቱ የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ ነው። ዝናብ ብርቅ ነው፤ ንፋሱ ደግሞ አያድርስ! ገበሬዎቹ ሐረጉን እየጠመዘዙ እንደ ቅርጫት መሬት ላይ ያስተኙታል። ዘለላው መሀል ላይ ተከልሎ ይበስላል። የአውሮፓን ወይን የፈጀው ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ እዚያ አፈር ውስጥ መኖር ስለማይችል፣ ተክሉ እንደ ሌላው ቦታ በሌላ ዝርያ ሥር ላይ ሳይቀጠል፣ እስካሁን በገዛ ሥሩ ነው የቆመው። ጣዕሙ ሎሚ ሎሚ፣ ጨው ጨው ይላል። በዚያ ሁሉ ፀሐይ በስሎ ኮምጠጥ ማለቱን አለመልቀቁ በጣም ደስ ይለኛል። ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ወደር የለውም። የሳንቶሪኒው ዋጋ ተወዷል፤ ኪስ ካልፈቀደ ከዋናው የግሪክ ምድር የመጣውን አሲርቲኮ ውሰዱ። ጨው ጨው ማለቱ ቢቀንስም ጥሩ ነው።

በርበሬ ላለው ምግብ ግን ምርጫዬ የኦስትሪያው ግሩነር ፌልትሊነር ነው። ነጭ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ሽታ አለው። ከቫኻው አካባቢ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ሽታይንፌደር፣ ፌደርሽፒል ወይም ስማራግድ የሚል ታገኛላችሁ። ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ነው። የስማራግድ አልኮል ከ12.5 በመቶ ይጀምራል። አልኮል ሲበዛ የበርበሬው ማቃጠል ስለሚብስ፣ ለቀይ ወጥ ፌደርሽፒል ይሻላል።

የሃንጋሪው ፉርሚንትም አይለፋችሁ። የቶካይ ጣፋጭ ወይን ዋናው ዝርያ እሱ ነው፤ ድራዩም ግሩም ነው። ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፦ «ሳራዝ» ካለ ድራይ፣ «ኤዴሽ» ካለ ጣፋጭ ነው።

ቀለል ያለ፣ ኮክ ኮክ የሚል ለምትፈልጉ የስፔኑ አልባሪኞ አለላችሁ። በየሱቁ ስለማይጠፋ ብዙ አልልም።

የመጨረሻው ለሁሉም ሰው አይሆንም። በፈረንሳይ ዡራ፣ ሳቫኛን ከሚባለው ዝርያ ቫን ዦን ይሠራል። ከ6 ዓመት በላይ በርሜል ውስጥ ይቆያል፤ ሲጎድልም አይሞሉትም። ላዩ ላይ ስስ የእርሾ ሽፋን ይሠራል። ለውዝና ቅመም የሚመስል ጣዕም የሚያገኘው ከዚያ ነው። ጠርሙሱም ለየት ያለ ነው፤ 62 ሳንቲ ሊትር ይይዛል። ፍሪጅ ውስጥ አታቆዩት፣ ሽታው ይታፈናል። ኮምቴ ከሚባለው አይብ ጋር በትንሽ ብርጭቆ ቅመሱት። ከተከፈተ በኋላም ቶሎ አይበላሽም፣ ለመጨረስ አትቸኩሉ።