ሱባሩዬን ልሽጠው ወይስ ልታገስ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፤ የመኪና ነገር የሚገባችሁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ።

የምነዳው የ2015 ሞዴል ሱባሩ ኤስቲአይ (የሱባሩ የስፖርት መኪና) ነው፦ 2.5 ሊትር ቱርቦ፣ 305 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል። መኪናው ምንም አላጠፋም፤ አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረኝም። የተለወጠው የእኔ ኑሮ ነው። ሥራ ከቀየርኩ ወዲህ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ነኝ፤ አብዛኛው ደግሞ ቆም ሄድ የሚባልበት መጨናነቅ ነው። ፍሪሲዮን ስረግጥ ስለቅ ውዬ ማታ ግራ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ሱስፔንሽኑ ለፍጥነት ተብሎ የጠነከረ ስለሆነ እያንዳንዷን ጉድጓድ ወገቤ ይቆጥራታል። ቤንዚንም ቢሆን ተራውን ሳይሆን ከፍተኛ ኦክቴን ያለውን ይፈልጋል። ቆሞ ለመዋል!

ዓይኔ ያረፈው በ2018 ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራ) ላይ ነው። ነድቼ አየሁት፤ በዝግታ ሲሄድ በኤሌክትሪክ ሞተሩ ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ወገቤ ወደደው፤ ልቤ ግን ዝም አለ። 208 የፈረስ ጉልበት አያንስም፣ ግን ማርሽ የመቀየር ደስታ የለም።

የሚያስፈራኝ ደግሞ ኤስቲአይ ከ2021 ሞዴል በኋላ መመረቱ ቆሟል፤ አንዴ ከሸጥኩት እንዲህ በደንብ የተያዘ መልሼ ማግኘቴን እጠራጠራለሁ። ሁለቱንም ልያዝ እንዳልል አቅሜ አይፈቅድም።

ሪሙን ከ18 ወደ 17 ኢንች አውርጄ ጎኑ ወፈር ያለ ጎማ ባስገባስ? ለወገቤ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፤ ለጉልበቴ ግን መላ የለውም።

እንዲህ አድርጎ የሸጠ ሰው ካለ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተጸጸታችሁ ወይስ ረሳችሁት?